ጓጉንቸሩን የገዛሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ። መስከረም 2018 ላይ መንግሥት ከሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር ስለ ኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ሞስኮ ላይ ከተፈራረመ ወዲህ፣ ፒያሳ ቡና የምንጠጣበት ቤት ወሬው ሁሉ እሱ ሆኗል። አንዱ ከእንግዲህ መብራት አይጠፋም ይላል። ሌላው ቼርኖቤልን ያነሳል። ቆሻሻውስ የት ሊሄድ ነው ሲባል ደግሞ ሁሌም አንድ ሰው አይጠፋም፣ «እሱን ሩሲያ ትወስደዋለች» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንዲት ጨረር ያለባት ቢጫ ሳጥን የሚወስድልኝ አጥቼ ሰባት ወር ሙሉ ቁልፏን ኪሴ ይዤ የዞርኩ ሰው ነኝና።

የሆነውን ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጡረታ የወጣሁ የአፈር ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው መንገድ ሥራ ላይ ነው። ሮለሩ አፈሩን ሲረግጥ ውሎ «በቃ ወይስ ይደገም?» ሲባል መልሱ የሚጠበቀው ከኔ ነበር። ድሮ በአሸዋ ነበር የምንለካው፤ ጉድጓድ ትቆፍራለህ፣ ያወጣኸውን አፈር ትመዝናለህ፣ ጉድጓዱን በአሸዋ ትሞላለህ፣ ታሰላለህ፣ ይህን ሁሉ ስታደርግ ፎርማኑ አናትህ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። በ1997 ዓ.ም. ድርጅታችን ቢጫዋን አስመጣልን። እኛ «ዴንሲቲዋ» ነበር የምንላት። ዘንጓን መሬት ውስጥ ስትከት ጫፉ ላይ ሲዚየም-137 አለ። ከሱ የሚወጣው ጨረር አፈሩን አልፎ ሳጥኗ ሥር ያለው ቆጣሪ ጋ ይደርሳል፤ አፈሩ በጠጠረ ቁጥር የሚያልፈው ያንሳል። ርጥበቱን የምትለካው ደግሞ በአሜሪሲየም-241 እና በቤሪሊየም ነው። ከነሱ የሚወጣው ኒውትሮን የውሃውን ሃይድሮጅን ሲመታ ይዳከማል፣ የተዳከመውን ትቆጥራለች። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ወደድናት።

ሰው እንዳላስፈራራ ይቺን ልበል። ደህና ከተያዘች አትጎዳም። ደረቴ ላይ የጨረር መለኪያ ባጅ ለጥፌ ዓመታት ሠርቼባታለሁ፣ ይኸው የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ጨረሩ ያለው ከጣት ጫፍ ባነሱ የብረት ካፕሱሎች ውስጥ ነው፣ ዙሪያዋ እርሳስ ነው። አደጋው የሚመጣው አንድ ሰው በመዶሻ ሲፈለቅቃት ወይ ከብረት ጋር ሲያቀልጣት ነው። ማለትም ባለቤት ስታጣ።

ባለቤትም አጣች። ድርጅቱ ከሰረ። ስም አልጠራም፣ ማንንም ለመውቀስ አልተነሳሁም። ባንክ ንብረቱን ያዘ፣ ወራሾች ባንኩን ከሰሱ፣ ግቢው ታሸገ። ግቢው ሰባራ ባቡር አካባቢ ነው። ሰባራ ባቡር ለምን ሰባራ ባቡር እንደተባለ የሰፈሩ ልጅ ያውቃል፤ በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ተሰብሮ እዚያው ቀርቶ ነው። የመንገድ ዕቃ ጥለን የመሄድ ልማዳችን እንግዲህ የቆየ ነው! የሰርኪስ ባቡር ግን ብረት ነበረች፣ ዝገት ይጨርሳታል። የኛዋ ሲዚየም ግማሹ ለመጥፋት 30 ዓመት ይፈልጋል። አሜሪሲየሙ ደግሞ 432 ዓመት። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ጊዜ፣ ጎንደር ገና ሳትቆረቆር፣ አንድ ሰው አሜሪሲየም ቀብሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ገና ግማሹ መሬቱ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ነሐሴ 2015 ላይ የግቢው ዘበኛ ቡና ቤቱ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ ያቺ ቢጫ ሳጥን የርስዎ አልነበረችም?»

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች። ቆራሌው አይቷት፣ እርሳስ አለባት ብሎ ደህና ዋጋ ሰጠኝ። እኔም ደሞዝ ካየሁ አራት ወሬ ነው። ላማክርዎት ብዬ ነው።»

ቡናዬን ትቼ ተነሳሁ። መጋዘኑ ቆርቆሮው ተበስቶ ዝናብ ያስገባል። ያረጁ ጎማዎች ተከምረዋል፣ ከጎማዎቹ አጠገብ ሳጥኗ አለች፣ ላይዋ ላይ ድመት ተኝታለች። ማስጠንቀቂያው ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል፣ ሦስት ክንፍ ያለው የጨረር ምልክት የት እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቆራሌው ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ በር ላይ ቆሟል፣ ሃያም የሞላው አይመስል። ገብቶ ድመቷን አባረረና ሳጥኗን ባንድ በኩል ብድግ አድርጎ መለሳት። «አባቴ፣ ይቺ እኮ ትከብዳለች፣ በኪሎ እንነጋገር» አለኝ። ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። እውነቱን ለመናገር ከሄድኩባቸው ቢሮዎች ሁሉ ቶሎ የገባው ለሱ ነው። እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገና «ታዲያ መንግሥት ለምን አይወስደውም?» አለኝ።

እኔም በማግስቱ ይህንኑ ልጠይቅ ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት ከሰፈሩ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ትልቁን ጓጉንቸር በ450 ብር ገዝቼ በሩን ቆለፍኩት።

ወዲያና ወዲህ መመላለሱን አላስረዝመውም፣ ጉዳይ ይዞ ቢሮ የዞረ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ጋ «ባለቤቱ ያመልክት» ተባልኩ። ባለቤቱ የለም። ሌላው ጋ «ንብረቱን የያዘው ይጻፍልን» ተባለ። ንብረቱን የያዙት ዘንድ ስሄድ መዝገብ ከፍተው አሳዩኝ፤ «የላብራቶሪ ዕቃ፣ አሮጌ፣ 1» ተብሎ ተጽፏል። ክርክሩ ሲያልቅ በጨረታ ይሸጣል አሉኝ። በጨረታ! ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የሆነው እኮ ይኸው ነው። ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ኮባልት-60 ያለበትን ያረጀ መሣሪያ ከሌላ ዕቃ ጋር በጨረታ ሸጠው፣ ማያፑሪ የሚባለው የቁርጥራጭ ብረት ገበያ ውስጥ ተፈለቀቀ፣ ሰዎች ታመሙ፣ አንድ ሰው ሞተ። የተማረ ሰው ያለበት ቤት ነው ይህን ያደረገው።

ደግ ባለሙያም ገጠመኝ። ወጣት ነው፣ ወንበር ሰጥቶኝ ቁጭ አደረገኝና «አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ መነሳት እንዳለበት እኛም እናውቃለን፤ የማንሳቱ፣ የማጓጓዙ፣ የማስቀመጡ ወጪ ግን የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ሲጠፋ ከየት እንደሚወጣ የተጻፈ ነገር እጄ ላይ የለም» አለኝ። አልተቀየምኩትም። ልጁ ያወራኝ ስለ ሒሳብ ነበር፣ ሒሳቡ ደግሞ ልክ ነው።

በዚህ መሃል መስቀል ደረሰ። ዘበኛው ጉራጌ ነው፣ ደሞዝ ተከፈለውም አልተከፈለው ለመስቀል አገሩ ይገባል። ደግነቱ ከቆራሌዎቹም ብዙዎቹ ይገባሉ! ያም ሆኖ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጋቢዬን ተከናንቤ ሁለት ሌሊት የዘበኛው ቤት ውስጥ አደርኩ። ባለቤቴ «ሰውዬው ለይቶለታል» ብላ ለልጆቹ ደወለች።

ለምን እንዳደርኩ ልንገራችሁ። ብራዚል ውስጥ ጎያኒያ የምትባል ከተማ አለች። አንድ የካንሰር ሕክምና ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ1985 ሕንፃውን ለቆ ሲሄድ ሲዚየም ያለበትን ማሽን ጥሎ ሄደ። የሕንፃው ጉዳይ ፍርድ ቤት ገባ፣ ባለጉዳዮቹ ሲካሰሱ ማሽኑ እዚያው ቀረ። መስከረም 13 ቀን 1987፣ ይሄም በነሱ አቆጣጠር ነው፣ ጥበቃው ሥራ አልገባም። ሁለት ሰዎች ገቡና ፈታተው ወስደው ለቁራሌ ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው ማታ ሰማያዊ ብርሃን ሲያይ ተአምር መስሎት ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ አከፋፈለ፤ ሰዉ ገላው ላይ ቀባው፣ አንዲት ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ ዱቄቱ በነካው እጇ በላች። አራት ሰው ሞተ፣ ልጅቷም አለችበት። 249 ሰው ላይ ጨረሩ ተገኘ፣ ከ110 ሺህ በላይ ሕዝብ ስታዲየም ውስጥ ተሰልፎ ተመረመረ። የሲዚየሙ ዱቄት ጠቅላላ 93 ግራም ነበር። ቤት ፈርሶ፣ አፈር ተዝቆ የተሰበሰበው ቆሻሻ ግን 3,500 ሜትር ኩብ ሆነ። የኔዋ ሳጥን ከዚያኛው ጋር አትወዳደርም፣ እጅግ በጣም ታንሳለች። የክሱ ነገር፣ የታሸገው ግቢ፣ የቀረው ዘበኛ ግን አንድ ነው። ይህን እያወቅሁ ቤቴ ልተኛ?

መጋቢት ላይ አንድ ፒካፕ መጣ። ሁለት ልጆች መለኪያ ይዘው ወረዱ፣ ለኩ፣ በጨርቅ ጠርገው የሾለከ ነገር እንደሌለ አዩ፣ ጫኑ፣ አስፈረሙኝ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ከየት በተገኘ በጀት እንደመጡ ጠየቅኩ። «እንደምንም ተባብረን ነው» አሉኝ።

እንደምንም። የምጽፈው ስለዚች ቃል ነው። ሕግ አልጎደለንም፤ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ጨረር መከላከል አዋጅ አለን፣ በ2000 ተሻሻለ፣ በ2009 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1025 ወጣ። ዕቃውም ያስፈልገናል። ጥቁር አንበሳ ስንቱን የካንሰር ሕመምተኛ በኮባልት ያከመ ቤት ነው፣ የገዛ እህቴን ጨምሮ። ቃሊቲ ደግሞ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ ወንዱ በጨረር እንዲመክን ይደረጋል። ታይሮይድ የሚታከምበት አዮዲን ደግሞ በስምንት ቀን ግማሹ ስለሚጠፋ ዘግተህ ብትጠብቀው ራሱ ያልቃል፣ እሱ ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ባለቤቱን የሚቀብረው ዕቃ ነው።

ለስላሳ በሳጥን ስትገዛ ባለሱቁ የጠርሙሱን ማስያዣ ይቀበልሃል። ጠርሙሱን ስትመልስ ገንዘብህን ትወስዳለህ፤ ብትሰብረው፣ ብትጠፋ፣ ባለሱቁ አይከስርም። ሲዚየም ይዞ የሚገባ ድርጅት ለምን አያስይዝም? ገንዘቡ የሚያዘው ዕቃው ጉምሩክ ሲደርስ ነው እንጂ ድርጅቱ ከከሰረ በኋላ ማንን ይዘህ ልታስከፍል? ዕቃውን ለሠራው ፋብሪካ መልሶ ደረሰኝ ሲያመጣ ይመለስለት፤ ከከሰረ ፒካፑ በዚያ ገንዘብ ይምጣ። እኔ የፈጠርኩት ነገር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ ከባድ የጨረር ምንጭ የሚይዝ ሁሉ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት፣ ቢከስር እንኳ ዕቃው በደህና የሚወገድበትን ዋስትና እንዲያሳይ አዟል። የኔዋ ዓይነት ትንንሽ ዕቃ እዚያ ውስጥ አይገባም፣ እኛ ግን ብናስገባው ማን ይከለክለናል?

አንድ ነገር ግን አለ፣ በብር ተይዞ እንዳይቀመጥ። ቢጫዋ ስትመጣ አንድ ዶላር 8 ብር ከምናምን ነበር። ሐምሌ 2016 ብሩ ከተለቀቀ በኋላ ሳምንታት ሳይቆይ መቶን አለፈ። በ1997 የተያዘ ማስያዣ ዛሬ ለፒካፑ ነዳጅ አይበቃም። ስለዚህ ወይ በውጭ ምንዛሪ ይያዝ፣ ወይ በየዓመቱ ይከለስ። የጠርሙስ ማስያዣ ሲጨምር ሱቅ ደጃፍ የሚነሳውን ጭቅጭቅ አይተነው የለ?

ገንዘብ ብቻውን እንደማይበቃም እናውቃለን። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ሕግ የኒውክሌር ኩባንያዎቻቸውን በያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሳንቲማቸውን አንድ አሥረኛ ሲያስከፍሉ ኖሩ። ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተጠራቅሟል፣ የቆሻሻው መቅበሪያ ግን የለም። ዩካ ማውንቴን የተባለውን ተራራ መርጠው ሲጨቃጨቁበት ኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ፍርድ ቤት ባዘዘው መሠረት ክፍያው በ2014 ቆመ። እንዲያውም መንግሥት ቃሉን ስላልጠበቀ ለኩባንያዎቹ ካሣ ይከፍላል። ጀርመኖች ደግሞ በተቃራኒው ቦታ አገኘን ብለው አሴ የሚባል ያረጀ የጨው ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ 126 ሺህ በርሜል የኒውክሌር ቆሻሻ ወርውረው ሄዱ። ዛሬ ውሃ እየገባበት ነው፣ የማውጣቱን ዕዳ የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው። የቀናሁት በፊንላንድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ኩባንያዎቹ በየዓመቱ ወደ አንድ የመንግሥት ፈንድ ያስገባሉ፣ ጉድጓዱን ራሳቸው አለት ውስጥ ከ400 ሜትር በላይ ወደ ታች ይቆፍራሉ፣ የሚቆጣጠራቸው ደግሞ ሌላ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ ቆፋሪና ተቆጣጣሪ ተለያይተዋል።

እኛ ጋ የምፈራው ሦስቱም አንድ ቤት እንዳይሆኑ ነው። ማከማቻውን የሚይዘውና ማከማቻውን የሚፈትሸው አንድ ሰው ከሆነ መጋዘኑ ሁሌም «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል»። ማስያዣው የሚጠራቀምበትን ፈንድ ሒሳብ ዋና ኦዲተር ይየው፣ በዓመት አንዴ ምክር ቤት ፊት ይነበብ፤ ስንት ዕቃ ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ባለቤት ያጣው ስንት ነው። ቁጥሩን ጋዜጣችሁ ቢያትመው አንድ ገጽ አይሞላም።

ለትንንሾቹ ዕቃ እንደ ፊንላንድ ዋሻ መፈልፈል አያስፈልግም። ደቡብ አፍሪካውያን ያሰቡት፣ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም የደገፈው ዘዴ አለ፤ የውሃ ጉድጓድ እንደምንቆፍር ጠባብ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ዕቃው ታሽጎ ይወርዳል፣ በሲሚንቶ ይደፈናል። ጋናም ልትሠራበት ተነስታለች። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ መቼስ አናጣም።

የመርካቶውን ምናለሽ ተራንም ሳላነሳ አላልፍም። እዚያ የማይገባ ብረት የለም፣ በርሜሉ ምድጃ ሆኖ ይወጣል፣ የተረፈው ማቅለጫ ሄዶ ፌሮ ይሆናል። ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 ኮባልት-60 ያለበት የሕክምና ማሽን ቁርጥራጭ ብረት ተራ ገባና ቀለጠ፣ ወደ 6 ሺህ ቶን ፌሮ ወጣው። የታወቀው በአጋጣሚ ነው፤ ፌሮውን የጫነ መኪና አሜሪካ ሎስ አላሞስ ላብራቶሪ በር ላይ መንገድ ስቶ ሲታጠፍ መመርመሪያው ጮኸ። በዚያ ፌሮ የተሠሩ ቤቶች ፈረሱ። ከተማችን በያቅጣጫው ቤት እየፈረሰ፣ መጋዘን እየተጠረገ፣ ብረቱ እየተጫነ የሚሄድባት ናት። ማቅለጫዎቹ በር ላይ የጨረር መመርመሪያ ይቁም። ወጪው ከዚያው ፈንድ።

አሁን ወደ ትልቁ። አንድ ሺህ ሜጋዋት የሚሰጥ ማመንጫ በዓመት ከ20 እስከ 30 ቶን ያገለገለ ነዳጅ ይወጣዋል። ሩሲያ ትወስዳለች ከተባለ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ በማን ወጪ፣ እስከ መቼ፣ እምቢ ብትልስ? ነዳጁ ቢሄድ እንኳ ማመንጫው ሲያረጅ የሚፈርሰው ኮንክሪትና ብረት እዚሁ ነው። ለሱ ከመጀመሪያዋ ኪሎዋት ሰዓት ጀምሮ ስንት ሳንቲም እንደሚቀመጥ የመብራት ሂሳቤ ላይ ለብቻው ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ። እከፍላለሁ፣ ቅር አይለኝም።

ዘበኛው ደሞዙን እስካሁን አላገኘም፣ ክሱም አላለቀም። ጓጉንቸሩን ፈትቼ ለሱ ሰጥቼዋለሁ፣ ለቤቱ ይሆነዋል ብዬ። የ450 ብሩ ደረሰኝ ግን እኔ ጋ አለ። ደረሰኙ ጀርባ ላይ «ለሚመለከተው አካል» ብዬ ጽፌበት መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ከአንባቢዎቻችሁ የሚያውቅ ካለ በዚሁ ገጽ ይጻፍልኝ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛው የአፈር ላብራቶሪ ቴክኒሺያን
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ